ብረት ያልነካው

ወልድያ ያለው ሐኪም ወረቀቱን አስተካክሎ፣ «በእናትሽ ወገን ደም ፈሶት አልቆም ብሎ የሞተ ወንድ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ወንድ ነው ብለውኛል። እኔ ሳቅሁ።

ምን ላድርግ? እኛ ቤት በደም መፍሰስ የሞተ ሰው የለም። እኛ ቤት ሰው የሚሞተው በቡዳ ነው፤ በምች ነው፤ በሰው ዓይን ነው፤ ሌላ ምክንያት ሲጠፋም ቀኑ ደርሶ ነው። አባቴና እናቴ ሊጋቡ ሲሉ ሽማግሌዎች ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው ሰባት ቤት ቆጥረዋል። ቅድመ አያትን ከቅድመ አያት እያስተያዩ፣ ዝምድና የለም ብለው መርቀው ተነሡ። የእናቴ ሁለት ወንድሞች ግን አልተቆጠሩም። ሁለቱም በተወለዱ በስምንተኛው ቀን ተገርዘው በማግሥቱ የሞቱ ናቸው። አርባ ቀን ስላልሞላቸው ክርስትና አልተነሡም፤ ክርስትና ያልተነሣ ስም የለውም፤ ስም የሌለው ደግሞ አይቆጠርም። ስለዚህ በቆጠራው ላይ አንዲት ስህተት አልተገኘችም።

«ዶክተር፣ ጊዜ አለዎት?» አልኩት። «ትንሽ ረዘም ይላል።»

ነገሩ ሲሆን ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን መርሳ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአባቴ ከሽፈራው ጋራዥ ጀርባ ነው። ግቢው የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፤ የአባቴ እጅም እንደዚያው። እኔ የቤቱ በኩር ነኝ፤ ማለትም ተላላኪ። ወንድሜ ሳሙኤል ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ዕንቁላል ነበር። ቢያንስ አያያዙ እንደዚያ ነበር።

ሳሙኤል ኳስ አይጫወትም። ዛፍ ላይ አይወጣም። ማንጎ እናቴ ትልጥለታለች፤ ቢላዋው ሥራውን እንደጨረሰ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይወጣል። ጥፍሩን በጥርሷ ነው የምትቆርጥለት። ፀጉሩ የባሕታዊ ፀጉር ይመስል ትከሻው ላይ ወርዷል። እኔ ከማንጎ ዛፍ ወድቄ ግንባሬ የተተረተረ ዕለት የተጠየቅሁት ግን «ቀሚስሽን ቀደድሽው?» ተብዬ ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ስለት ነበር። እናቴ ገነት ለግሸን ማርያም ተስላለች፦ ልጁ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ብረት አይነካውም። መጽሐፉም ይደግፋታል፤ የሐና ልጅ ሳሙኤልም ምላጭ በራሱ ላይ እንዳይደርስ እናቱ ተስላ አልነበር? ስሙንም ከዚያው ነው ያመጣችው። በስምንተኛው ቀን ሊያስገርዙት የተሰበሰቡት የአባቴ ዘመዶች ከመጽሐፍ ጋር መጣላት ስላልፈለጉ ገንፏቸውን በልተው ተመለሱ። የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ የሺመቤት ብቻ ናቸው ያልተመለሱት። በየሳምንቱ ጥላቸውን ይዘው ይመጡና ሳሙኤልን ከላይ እስከ ታች እያዩ ይቀመጣሉ።

«እሺ ራሱንስ ተይው» ይሏታል እናቴን። «ስለት እስከ እዚያ ድረስ ይወርዳል እንዴ? ወንድሜን የመርሳ መሳቂያ አደረግሽው!»

«ብረት አይነካውም ነው ያልኩት እቴቴ፤ የት የት ብዬ አልለየሁም» ትላቸዋለች እናቴ ሽንኩርቷን እየላጠች።

እናቴ ገበያ ለገበያ እየዞረች ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ማታ ስትገባ ሰላምታዋ አንድ ነው። ጭነቷን ሳታወርድ ከበሩ፣ «ብረት ነካው?» ትላለች። «አልነካውም» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው «እንዴት ዋላችሁ» የሚመጣው። ግድግዳ የምትጋራን የእናቴ ጓደኛ ሁሪያ ይህን በየቀኑ ስለምትሰማ ከወዲያ ሆና ትስቅብናለች። እኔ ግን አልስቅም። በ«እንዴት ዋላችሁ» ውስጥ ግማሹ የእኔ ድርሻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚደርሰኝ የሳሙኤል ከተጣራ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ ለሳሙኤል ምንም አልፈየደለትም። ሳይወድቅ ጉልበቱ ያብጣል። ቆዳው ይወጠራል፤ ይግላል፤ እሱም ለሁለት ለሦስት ቀን ይጮኻል። አንድ ቀን ቅናት ይዞኝ ክንዱን ቆነጠጥኩት። ትንሽ ናት፤ ለወንድም የምትሰጥ ተራ ቁንጥጫ። በማግሥቱ ክንዱ እስከ ትከሻው በለዘ። ጣቶቼን እያየሁ ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ኮራሁ።

ዛሬ ሐኪሙ ያስረዳኛል፦ ደሙ እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር ጎድሎታል፤ መገጣጠሚያው ውስጥ፣ ማንም ሳያይ፣ ይፈሳል። ያኔ ግን እንዲህ ላለው ጥያቄ የማውቀው መልስ ሰጪ ሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። የዚያን ሳምንት የተማርነው ደግሞ ስለ ሐናንያና ሰጲራ ነው። ባልና ሚስት ለእግዚአብሔር በሰጡት ነገር ዋሽተው እዚያው ወድቀው ሞቱ። መምህራችን አወዳደቃቸውን ራሱ ወድቆ ስላሳየን ትምህርቱ በደንብ ገብቶኛል።

ጋራዡ ጓሮ ጎማ የሌለው አሮጌ ፒካፕ ነበር፤ የእኔ ቤት እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ሳለ እናቴና ሁሪያ ሽንኩርት ሊለቅሙ ከፒካፑ በር ሥር ተቀመጡ።

«ሰባት ዓመቱ እኮ ደረሰ ገንዬ» አለች ሁሪያ። «ምን ልትያቸው ነው?»

«አሥራ ሁለት ነው ያልኩት እላለሁ። ማን ሰምቶኛል?»

«ማርያምስ?»

«ማርያም ምን ትሰማለች? አልተሳልኩማ!»

ሁሪያ የያዘችውን ሽንኩርት ጣለች። «ወላሂ በይ!»

«ምን ላድርግ? ሁለቱን ወንድሞቼን ሲገርዙ ውኃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ጨርቅ ይለወጣል፣ ደሙ ያልፈዋል፤ ይለወጣል፣ ያልፈዋል። እናቴ ሁለተኛውን አታስነኩብኝ ብላ እግራቸው ላይ ወድቃ ነበር። ሳሚ ገና እትብቱ ሲቆረጥ ስንት ቀን እንደደማ አይቻለሁ፤ የእነሱ ነው። ከእኔ ነው የመጣበት፣ ሁሪያ።»

«ታዲያ ለሽፈራው ንገሪው። እሱ ክፉ ሰው አይደለም።»

«እሱማ አይደለም። እህቱ ግን ዘሯ ደም ያለበት ነው ብለው በማግሥቱ ነው የሚያስወጡኝ። ከዚያ ልጄን ማን ይጠብቅልኛል?»

«ከእኔ አይወጣም» አለች ሁሪያ። «አላህ ምስክሬ ነው።»

ያ ሁሉ ወሬ በጆሮዬ ገባ፤ ከውስጡ ሁለት ነገር ብቻ ያዝኩ። እናቴ አልተሳለችም። የሳሙኤል በሽታ የመጣበት ከእናቴ ነው። ወንድሞቹን፣ ጨርቁን፣ ደሙን እንደ ማንኛውም የትልልቅ ሰዎች ወሬ አሳለፍኩት። እንግዲህ የሰንበት ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪ ነኝና ሂሳቡን ሠራሁት፦ እናቴ በማርያም ስም ዋሸች፤ እግዚአብሔር በሳሙኤል ጉልበት ጀመረ፤ ቀጥሎ መውደቅ ነው። ከሁሉም በላይ የፈራሁት ይህንን ነው። የምቆነጥጠው ወንድም ነው እንጂ የሚሞት ወንድም እንዲኖረኝ አልፈልግም ነበር።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በአራተኛው አክስቴ የሺመቤት መጡ፤ እናቴ ቤት አልነበረችም።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?» አሉኝ።

«እቴቴ፣ ሰው ሳይሳል ተስያለሁ ቢል ምን ይሆናል?»

አክስቴ ጥላቸውን ግድግዳው ላይ በዝግታ አስደገፉት። እንደዚያ በዝግታ ሲንቀሳቀሱ አይቻቸው አላውቅም። «ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ የኔ እመቤት» አሉ። የኔ እመቤት ተብዬ አላውቅም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማለትም የገባኝን ሁሉ። ስጨርስ ከመቀነታቸው ከረሜላ ፈትተው ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ጣዕሙ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ብርቱካን ነበር።

ከዚያ ወደ ጋራዡ ሄዱ። አባቴን ከመኪና ሥር አስወጥተው ሲያናግሩት በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። እሱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማቸው። እጁ ከጠራ በኋላም መጥረጉን አላቆመም። ስድስት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቱ ተዋሽቷል፤ ምክንያቱን ግን አልሰማም፤ ምክንያቱን እኔም አልነገርኩማ። በመጨረሻ «አድርጉት» አለና ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ።

የሐራ ገበያ ቀን ተመረጠ። እናቴ ሽንኩርቷን አስጭና ማለዳ ሄደች። ሦስት ሰዓት ላይ አክስቴ ዶሮ አሳርደው፣ ገራዡን አቶ ሞገስን ይዘው መጡ። አቶ ሞገስ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ያለው ወንድ ግማሹ በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው። ምላጩን በአረቄ ጠረጉት፤ ንጽሕና ይወዳሉ። የተረፈውን አረቄ ደግሞ ጠጡት።

ሳሙኤል አዲስ ነጭ ጥብቆ ለብሶ እጄን ያዘ። «ቤዚ፣ ያማል?» አለኝ።

«አያምም» አልኩት። «እንዲያውም ከዚህ በኋላ ጉልበትህ ይድናል።»

አመነኝ። ከእኔ ሌላ ማንን ያምናል? እየሳቀ ነው አክስቴ ጭን ላይ የተቀመጠው።

አራት ሰዓት ላይ ተገረዘ። እልል ተባለ። አምስት ሰዓት ላይ አመድ ነሰነሱበት፤ ትንሽ ቆይተው ለጋ ቅቤ፣ ከዚያ ከጣሪያው ጥግ የሸረሪት ድር። «ደሙ ብዙ ነው፤ ጤነኛ ልጅ ነው» አሉ አክስቴ። ስድስት ሰዓት ላይ ዶሮዋ ወጥ ሆና ቀረበች፤ ሳሙኤል ግን ገና እየደማ ነው። «ይቆማል» ይላሉ አቶ ሞገስ የዶሮዋን ብልት እየመረጡ። «እስከ ዛሬ ያልቆመልኝ የለም።» ያልቆመላቸውን እሳቸውም እንደ ሽማግሌዎቹ አይቆጥሩትም ማለት ነው። እኔ ጨርቅ አቀባይ ነበርኩ። ይለወጣል፣ ያልፈዋል፤ ይለወጣል፣ ያልፈዋል። ይህን የሆነ ቦታ ሰምቻለሁ እያልኩ ነበር፤ የት እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።

አባቴ ለምሳ ገባ። የሚያፈስ ነገር ሲያይ ኖሯል፤ ብዙ ማየት አላስፈለገውም። ልጁን ከነጨርቁ አቅፎ ሮጠ፤ ጋራዡ በር ላይ ፍሬኑ ሊጠገን የመጣ ሚኒባስ ቆሟል፤ ሳይጠገን አስነሣው። ጨርቁን ከእኔ የሚቀበል ስላልነበረ እኔም አብሬ ተጫንኩ። እስከ ወልድያ ድረስ ጥሩምባ ነው። ሲሪንቃ ስንደርስ ሳሙኤል ማልቀሱን ተወ። ዓይኑን ከደነ። እኔ ደግሞ ዳነ ብዬ ደስ አለኝ። «አባዬ፣ ተሻለው!» አልኩት። አባቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ፤ ነዳጁን ረገጠ።

ወልድያ ሆስፒታል የአባቴን ደም ቀዱ፤ ሌላም አገኙ። አንድ ጎልማሳ ሐኪም አባቴንና በሌላ መኪና የደረሱትን አክስቴን ኮሪደሩ ላይ አቆማቸው። «የእናቱ ወንድሞች እንዴት ናቸው?» አለ።

«ወንድም የላትም» አለ አባቴ። ሰባት ቤት ተቆጥሮ የተነገረው ይህንኑ ነው።

«ሳይኖራት ነው ወይስ ሞተውባት? ይህ ደም ያለመርጋት በሽታ ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ ነው የሚተላለፈው።»

«ከእናቱ ነው አለ! ሰማችሁ? ከእናቱ ነው!» አሉ አክስቴ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። በሳምንቱ ደግሞ መርሳ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

እኔ ግን እፎይ አልኩ። ከእናቱ ነው። የተናገርኩት ልክ ነበር ማለት ነው፤ ሐኪሙም ሐናንያና ሰጲራን የተማረ ሰው መሰለኝ።

እናቴ አመሻሹ ላይ ደረሰች። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። አባቴን አላየችውም፤ አክስቴንም አላየቻቸውም። ፊቴ ቆማ «ብረት ነካው?» አለችኝ።

በእጄ የቀረውን ጨርቅ ከጀርባዬ ደበቅሁት።

ሳሙኤል አልሞተም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነቱ የሰው ደም ሞልቶ ወጣ። ዛሬ መርሳ ውስጥ ሞባይል ይጠግናል፤ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ ሲያመው ወልድያ፣ ሲብስበት አዲስ አበባ ይሄዳል። አባቴም እናቴን አላባረራትም። እህቱ ዘር ሲያነሡበት፣ «ከፋብሪካ ችግር ይዞ ለወጣ ዕቃ ጋራዥ አይከሰስም፤ አርፈሽ ተቀመጪ» ብሎ ዝም አሰኛቸው። እሱ የሚያውቀው የፍቅር ቃል ይህ ነው።

የከፈለችው ሁሪያ ናት። እናቴ ማን እንደተናገረ አልጠየቀችም። ለምን ትጠይቅ? ምስጢሯን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከሆስፒታል በገባን ማግሥት ሁሪያ በሳህን ሙዝ ይዛ ልትጠይቅ መጣች። እናቴ በሩን ዘጋችባት። «ገንዬ፣ ምን አደረግኩሽ?» እያለች ሁሪያ ከደጅ ስትለምን በመስኮቱ አየኋት። ብዙ ቆመች። ከዚያ ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሙዙን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርተው ሳይነጋገሩ ኖሩ። እኔም ለመናገር ሃያ ሁለት ዓመት ነበረኝ። መጀመሪያ ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ፈተና ደረሰ። ከዚያ አገባሁ። ምቹ ጊዜ የሚባል ነገር ለውሸታም አይገጥመውም መሰለኝ። በየጊዜው ሁሪያን መንገድ ላይ ሳገኛት ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣታለሁ፤ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ» ትለኛለች።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ጻፈ። «ሁለት አጎት፣ አንድ ወንድም» አለ። ያ ስም የለሾቹ አጎቶቼ የተቆጠሩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ቀጥሎ ስለ እኔ ጠየቀኝ። ጥርሴን ሳስነቅል ሦስት ቀን መድማቴን፣ የወር አበባዬ መብዛቱን ነገርኩት። እናቴ የበሽታው ተሸካሚ እንደሆነች፣ እኔም ተሸካሚ ልሆን እንደምችል፣ ከሆንኩ ደግሞ ልጄን የሚነካው ግማሽ በግማሽ በሆነ ዕድል እንደሆነ አስረዳኝ። ስለ ቡዳ አልጠየቀኝም። ስለ ስለትም አልጠየቀኝም።

«ሲወለድ ከእትብቱ ደም ተወስዶ ይመረመራል» አለ። «ውጤቱ እስኪመጣ መርፌም፣ ግርዛትም የለም።»

«ብረት አይንካው ነው የሚሉኝ?»

«እንደዚያ በይው» አለ።

ልጄ በሰላም ተወለደ፤ እኔም ለመታረስ መርሳ እናቴ ቤት ገባሁ። ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ስምንተኛው ቀን ደረሰ። ከእሱ ቀድመው የደረሱት ግን አክስቴ የሺመቤት ናቸው። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ጥላው በከዘራ ተተክቷል።

«ሞገስ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አርፈዋል» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «የልጃቸው ስልክ ግን አለኝ። እጁ ከአባቱ ይበልጣል ይላሉ።»

አባቴ ወደ ደጅ አየ። ሳሙኤል የሚጠግነውን ሞባይል አስቀመጠ። እናቴ ተነሥታ በእኔና በአክስቴ መካከል ቆመች፤ ስድሳ ዓመቷ ነው። «እቴቴ፣ ሕፃኑኮ» ብላ ጀመረች፣ «ለግሸን ማርያም...»

ልትዋሽልኝ ነው። እንደገና፣ ያን ያህል ካስከፈላት በኋላ፣ አሁን ደግሞ ለእኔ ልጅ።

«ስለት የለብንም እማ» አልኩ። «በሽታ ነው ያለብን። ከአያቴ ወደ አንቺ፣ ከአንቺ ወደ እኔ የመጣ። ሞገስም ልጃቸውም ይህን ልጅ አይነኩትም። ያኔ ደግሞ ለእቴቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፒካፑ ውስጥ ተኝቼ ሰማሁ። ሁሪያ አይደለችም።»

እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። አክስቴን አየቻቸው።

«ምን ታይኛለሽ?» አሉ አክስቴ። «እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም አልጠየቀኝም እኮ!»

እናቴ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን ከመስቀያው አንሥታ ወጣች። ወደ ሁሪያ በር አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ልጅ ሆኜ ቆጥሬዋለሁ። በሩ ሲንኳኳ ሰማን፤ ሲከፈት ሰማን። ሳሙኤል አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የማይታጠፈውን እግሩን ዘርግቶ ሕፃኑን ያይ ነበር። «ለካ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «አያምም ብለሽኝ ነበር» አለ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። አለቀስኩ።

እናቴ ተመለሰች። ሁሪያ ክንዷን ይዛ ተከትላታለች፤ አርጅታለች፤ አንድ ዓይኗ ሞራ ለብሷል። ለአክስቴ ሰላምታ አልሰጠችም። ለእኔም አልሰጠችኝም፤ ጨዋ ልጅ መሆኔ እንዳበቃ ገባኝ። አልጋው ዘንድ መጥታ ጎንበስ አለችና በደህናው ዓይኗ ሕፃኑን ብዙ አየችው።

«ብረት ነካው?» አለች።

ጥያቄው የእኔ ነው።

«አልነካውም» አልኩ።

«እንግዲያውስ እንዴት ዋላችሁ» አለች ሁሪያ፤ ከእናቴ አጠገብም ተቀመጠች።